የኬሲ መስግሬቭስ ሁለተኛ አልበም ወደቀ ወይስ ተጣለ?

አወያይ፦ የካንትሪ (የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ) ዘፋኟ ኬሲ መስግሬቭስ በ2013 ያወጣችው «ሴም ትሬለር ዲፈረንት ፓርክ» በማግስቱ ዓመት የግራሚን የምርጥ ካንትሪ አልበም ሽልማት ወሰደ፤ ከተረቱት አንዱ የቴይለር ስዊፍት «ሬድ» ነበር። በሰኔ 2015 የተከተለው «ፔጀንት ማቴሪያል» ግን በሬዲዮ የገነነ አንድም ነጠላ ዜማ አላፈራም። ጥፋቱ የአልበሙ ነው ወይስ የካንትሪ ሬዲዮ? ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዳላስ፦ የሬዲዮው ነዋ! አልበሙ ሊወጣ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ኪት ሂል የተባለ የሬዲዮ አማካሪ ምን እንዳለ አስታውሱ። የሴቶችን ዘፈን አታብዙ፣ አከታትላችሁም አታጫውቱ ብሎ ጣቢያዎችን መከረ። በእርሱ አነጋገር ወንዶቹ የሰላጣው ቅጠል፣ ሴቶቹ ደግሞ ጣል ጣል የሚደረጉ ቲማቲሞች ናቸው። ይህ ከጓሮ የተሰማ ሐሜት አይደለም፤ በይፋ የተሰጠ የሥራ ምክር ነው። ልጅቷ እኛ ካለንበት ከተማ በስተ ምሥራቅ ካለችው ከጎልደን፣ ቴክሳስ ስለሆነች አዳልቼ እንዳይመስላችሁ።

የጥንት አድማጭ፦ ልጄ፣ የሬዲዮውን በደል አልክድም። ነገር ግን ያው ሬዲዮ በ2012 የወጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን እስከ አሥረኛ ደረጃ አድርሶታል። ያኔም ሴት ነበረች። ያ ዘፈን ደግሞ የትንሽ ከተማን ትዳር፣ ቤተ ክርስቲያንና ሱስ ያለ ርኅራኄ የሚገልጥ እንጂ የሚያባብል አልነበረም። በሁለተኛው አልበም ምን አገኘን? ያው ሉክ ሌርድና ሼን ማክአናሊ ከእርሷ ጋር አዘጋጁት፤ ያው በተረትና ምሳሌ ላይ የሚሽከረከር ግጥም፤ ያው «ሰው ምን ይለኛል አትበል» የሚል ምክር። ከአልበሙ ቀድሞ የወጣውን «ቢስከትስ» ስሙት፤ የመጀመሪያው አልበም «ፎሎው ዩር አሮው» ልብስ ቀይሮ ነው የመጣው። ቀልድ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነገር የሚስቀው ጨዋ ሰው ብቻ ነው።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ «ፎሎው ዩር አሮው»ን ካነሱ አይቀር ታሪኩን ይጨርሱት እንጂ። ሬዲዮው ያንንም ሸሽቶታል። ስለ ተመሳሳይ ፆታ መሳሳምና ስለ ማሪዋና የሚያነሳ ስንኝ ስላለበት ብዙ ጣቢያዎች አልደፈሩትም፤ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ግን በ2014 የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ብሎ ሸለመው። በሩ መዘጋት የጀመረው እንግዲህ ገና በመጀመሪያው አልበም ነው።

ክራር መቺዋ፦ ሁለታችሁም «ወደቀ» የሚለውን ሳትመረምሩ ተቀብላችሁ ስለ ገዳዩ ትጨቃጨቃላችሁ። በካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ አጠቃላይ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ሆኖ ነው የገባው። ለግራሚም ታጭቶ የተረታው በክሪስ ስቴፕልተን «ትራቨለር» ነው፤ በዚያ ሰሞን በዚያ ሰው መረታት ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። እስቲ ስለ ሙዚቃው እናውራ። በካንትሪ ሙዚቃ ማዕከሏ በናሽቪል፣ በአሮጌው አርሲኤ ስቱዲዮ ኤ ተቀርጾ፣ የሚያንሸራትተው ፔዳል ስቲል ጊታርና ለስላሳው አጃቢ የ1960ዎቹን ናሽቪል ያስታውሳሉ። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ በተደበቀ ዘፈን ላይ አንጋፋው የካንትሪ ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን ራሱ አብሯት ያዜማል። ያን ጊዜ ሬዲዮውን የሞላው ወንዶች ስለ ፒክአፕ መኪናና ስለ ቢራ በከበሮ ማሽን የሚዘፍኑት ነበር፤ በዚያ መካከል ይህን ማስገባት ከባድ ነው። የግጥሙን መደጋገም ጋሼ ልክ ብለዋል። አጃቢው ግን ከፊተኛው ይልቅ የበሰለ ነው፤ በዚህ ማንም አያሸንፈኝም።

ዝምተኛው፦ አንድ ነገር ብቻ። «ሁለተኛ» የምትሉት ሁለተኛ አይደለም። ከ2013 በፊት ገና በልጅነቷ በራሷ ያወጣቻቸው አልበሞች አሉ፤ በ2007ም በ«ናሽቪል ስታር» የቴሌቪዥን ውድድር ሰባተኛ ወጥታለች።

የጥንት አድማጭ፦ ይሁን፤ በትልቅ ኩባንያ የወጣ ሁለተኛ እንበለው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይመለስልኝ። በ2018 «ጎልደን አወር» መጣ። ዳንኤል ታሺያንና ኢያን ፊቹክ የተባሉ አዳዲስ አዘጋጆች፣ ቀልድ የቀነሰና ስለ ፍቅር ፊት ለፊት የሚናገር ግጥም። ሬዲዮው አሁንም ጀርባውን ሰጣት፤ አልበሙ ግን በየካቲት 2019 ከሁሉም የሙዚቃ ዓይነት በልጦ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። ሬዲዮው እንደነበረ ነው፤ የተለወጠችው እርሷ ናት።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ምስክርዎ ለእኔ መሰከረ! ያን የመሰለ አልበም ያላጫወተ ሬዲዮ በ2015 «ፔጀንት ማቴሪያል»ን አለማጫወቱ ስለ ጥራቱ ምን ይነግረናል?

የጥንት አድማጭ፦ ምንም አይነግረንም። እኔም የፈረድኩት በጆሮዬ ነው። በሙያው እርስ በርስ የሚጠቃቀሙትን ወንዶች የምትወቅስበት ዘፈን እንኳን ትክክለኛ ነገር ይዞ ሳለ ንዴቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በመጀመሪያው አልበም እንዲህ አትናደድም ነበር። ስለ አጃቢው ክራር መቺዋ ያለችውን ግን ዛሬ ማታ ደግሜ ሰምቼ እመልስላታለሁ።

ክራር መቺዋ፦ በጥሩ ድምፅ ማጉያ ይሁን እንጂ በስልክ እንዳይሰሙት።