የእንግሊዝ አሮጌ አውቶቡሶችን ከፎቶግራፍ መለየት

ጥያቄ፦ ከሰበታ

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ በእንግሊዝ አገር ሲማር ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ለቤተሰቡ በሥርዓት እያደራጀሁ ነው፤ ይሁንና በጀርባቸው ዓመትም ሆነ ቦታ አልተጻፈም። በአንደኛው ላይ ሾፌሩ በቀኝ በኩል ባለች ጠባብ ጋቢና ብቻውን የተቀመጠበት፣ ከኋላ በኩል መዝጊያ የሌለው መሳፈሪያ ያለው ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ይታያል። በሁለተኛው ላይ ኮፈኑ ወደ ፊት የወጣ፣ ጣራው ወደ ኋላ እየተጠማዘዘ የሚወርድ አነስተኛ አውቶቡስ አለ። ዓይነታቸውን ባውቅ ዘመኑን መገመት እችላለሁ ብዬ አስባለሁና ምኑን ልመልከት?

መልስ፦ ከቃሊቲ

ከሁሉ አስቀድመው ሻንሲውን (ሞተሩና ጎማዎቹ የሚያያዙበትን የብረት አጽም) እና ቦዲውን (በላዩ የሚሠራውን የተሳፋሪ ክፍል) ለያይተው ይመልከቱ። እኛ እዚህ ጋራዥ ውስጥ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ቅጥቅጥ እንደምንሠራ ሁሉ፣ በዚያ ዘመን በእንግሊዝም አንዱ ፋብሪካ ሞተሩንና ሻንሲውን ሲሠራ ቦዲውን ብዙውን ጊዜ ሌላ ድርጅት ይሠራው ነበር። ስለዚህ መስኮቱና ጣራው የሚናገሩት ስለ ቦዲው ሠሪ ነው፤ የሻንሲው ሠሪ የሚታወቀው በአብዛኛው በራዲያተሩ ነው። ለምሳሌ አርቲ የተባለው የለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ኤኢሲ በተባለ ፋብሪካ ሻንሲ፣ አርቲኤል የተባለው ደግሞ ሌይላንድ በተባለ ፋብሪካ ሻንሲ ላይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ቦዲያቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ከጎን በተነሣ ፎቶግራፍ መለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ቤድፎርድ ኦቢ የተባለው አነስተኛ አውቶቡስ ይመስለኛል። ሻንሲው እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣ ሲሆን፣ ዱፕል የተባለው ድርጅት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪስታ የተሰኘውን፣ አብዛኛውን ጊዜ 29 መቀመጫ ያለውን ውብ ቦዲ ሠርቶለታል።

መልስ፦ ከሱሉልታ

ባለሁለት ፎቁ ከአርቲ በኋላ የመጣው የለንደን አውቶቡስ፣ ሩትማስተርም፣ ሊሆን ስለሚችል ፊቱን በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ። በአርቲ ላይ ራዲያተሩ ራሱን ችሎ ከነክፈፉ ቆሞ ይታያል፤ በብዛት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 በሆነው ሩትማስተር ላይ ግን የፊቱ ፍርግርግ ከኮፈኑ ጋር ተዋህዷል። ታርጋው በሦስት ፊደላት ጀምሮ ከቁጥሮቹ በኋላ በአንድ ፊደል የሚያልቅ ከሆነ ከእ.ኤ.አ. 1963 ወዲህ የተመዘገበ ነው፤ መጨረሻው «ሲ» ከሆነ ዓመቱ 1965 ነው።

ነገር ግን አውቶቡሱ የሚነግርዎ ፎቶግራፉ ከየትኛው ዓመት በፊት ሊነሣ እንደማይችል ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ አርቲዎች የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1954 ቢሆንም በለንደን እስከ 1979 ድረስ ሕዝብ አመላልሰዋል። የሾፌሩ በቀኝ መቀመጥም ብቻውን ቦታውን አያረጋግጥም፤ አገራችንም እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ድረስ በግራ መስመር ትነዳ ነበርና፣ በዚያው አልበም ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የተነሡ ካሉ ይህን ያስቡበት።

ጠያቂው፦ ከሰበታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ራዲያተሩ ለብቻው የቆመ ነው፤ ታርጋው ላይም ሦስት ፊደላትና ሦስት ቁጥሮች ብቻ አሉ።

መልስ፦ ከቃሊቲ

እንግዲያው ሩትማስተር አይደለም። ለንደን ላይ መነሣቱን በሌላ ምልክት ካረጋገጡ የአርቲ ቤተሰብ ነው ብለው መመዝገብ ይችላሉ፤ ሌሎች ከተሞችም ሌይላንድ ታይታንን የመሰሉ፣ መሳፈሪያቸው ከኋላ የሆነ አውቶቡሶች ነበሯቸው። ራዲያተሩን ብቻ አጉልተው ቢልኩልን ኤኢሲ ወይም ሌይላንድ መሆኑን አብረን እናያለን።