ፓይተን ወይስ ሞዴል 19?

ሁለት ያገለገሉ ሪቮልቨሮች (ጥይት በሚሽከረከር ሲሊንደር የሚይዙ ሽጉጦች) ቀርበውልኛል፤ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። አንዱ የ1970ዎቹ ኮልት ፓይተን ባለ 6 ኢንች፣ ሌላው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 19 ባለ 4 ኢንች። ሁለቱም .357 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ይተኩሳሉ፣ ሁለቱም ሞዴሎች መጀመሪያ የወጡት በ1955 ነው። ፓይተኑ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። በወር 100 ያህል .38 ስፔሻል (በሁለቱም የሚተኮስ ለዘብ ያለ ጥይት) ለዒላማ እተኩሳለሁ፤ ማግነም አልፎ አልፎ ብቻ።

ባዶ መሆናቸውን አረጋግጬ መዶሻቸውን በአውራ ጣት ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ፓይተኑ ከስድስቱ ጉድጓዶች በሁለቱ ላይ ይዘገያል፦ መዶሻው ተስቦ ሲቆም ሲሊንደሩ ገና አልቆለፈም፤ በጣት ገፋ ሳደርገው ነው «ቀጭ» የሚለው። ቆሻሻ ይሆናል ብዬ አጽድቼ ደገምኩት፤ ያው ነው። ሲሊንደሩን የሚገፋው ትንሽ ክንድ ጫፉ የተበላ ይመስለኛል። ፓይተን ቃታው እስኪለቀቅ በክንዱ ሲሊንደሩን ጥርቅም አድርጎ ስለሚይዝ ኢላማው ያምራል፣ ክንዱ ግን ያልቃል። (የሰማያዊውን ቀለም ውበት አትንገሩኝ፤ እሱንማ አይቻለሁ።)

ሞዴል 19 በስድስቱም ላይ በጊዜው ይቆልፋል፤ በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ነው። የሚያሰጋኝ የበርሜሉ የኋላ ጫፍ ከታች በኩል ተሞርዶ መሳሳቱ ነው፤ ባለ 125 ግሬይን (8 ግራም ያህል) ቀላል እርሳስ ያለው ማግነም ሲበዛበት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። በባትሪ ሳየው ስንጥቅ የለውም።

ለዚህ አጠቃቀም፣ ክንዱን የማሠሪያውን ወጪ ችዬም ቢሆን ፓይተኑን ብወስድ ያዋጣል?