ከኩበት ወደ ባዮጋዝ፦ ይህን ሙያ ለምን መረጥኩ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ያለሁት ጀርመን ነው፤ ቋንቋውን እስከ ቢ2 ተምሬያለሁ። በታዳሽ ኃይል ዘርፍ አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ለመጀመር ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። «ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ?» የሚለው ጋ ስደርስ የምጽፈው ይጠፋብኛል። ስለ አየር ንብረት ለውጥማ ሁሉም ይጽፋል። እስቲ በሙያው ያላችሁ፣ እናንተ ለምን ገባችሁበት?

መልስ፦
ሰላም እህቴ። እኔ እዚሁ ጀርመን፣ ኒደርዛክሰን ክልል ውስጥ የባዮጋዝ ጣቢያዎችን እየዞርኩ እጠግናለሁ። ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ኩበት ነው።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ነው። እዚያ እንጨት እንደልብ አይገኝም፤ የሚነደው ኩበት ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን እበቱን ይዝቃሉ፣ ይጠፈጥፋሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይከምራሉ። ማሳ ላይ መዋል የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ገበሬው ለዳፕና ለዩሪያ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ጭሱ ደግሞ የሴቶቹን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ቁጥሩን ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ የአያቴን ሳል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እዚህ ስመጣ ገበሬዎች ጓሮ ውስጥ ትልልቅ ጉልላቶች አየሁ። ውስጣቸው ያለው እበት ነው። አየር በሌለበት፣ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት፣ ባክቴሪያ ያብላላዋል። ከሚወጣው ጋዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሚቴን ነው። ጋዙ ሞተር አንቀሳቅሶ መብራት ይሰጣል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ቤት ያሞቃል። ጎቲንገን አጠገብ ያለችው የዩንደ መንደር በ2005 በዚህ መንገድ መብራትና ሙቀቷን ማምረት የጀመረች የመጀመሪያዋ የጀርመን መንደር ናት።

እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጋዙ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። እሳቱም ተገኘ፣ ማዳበሪያውም አልጠፋም። እኛ ቤት ግን አንዱን ያገኘ ሌላውን ማጣቱ ግድ ነበር። ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይም ስለ ኩበት ብቻ ነው ያወራነው። ስለዚህ አንቺም የተማርሽውን ሐረግ ትተሽ ያየሽውን ጻፊ።

ሥራውን ግን አላሳምርልሽም። ይሸታል። ሌሊት ይደወላል። ጋዙ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ያኔ ነው የሚገድለው። የጋዝ መለኪያ ሳይዝ እበቱ የሚብላላበት ጉልላት አጠገብ የሚሄድ ሰው ካየሽ አብረሽው አትሥሪ።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር አለ። ብዙ ጣቢያዎች የሚሠሩት ለጋዝ ተብሎ በሚዘራ በቆሎ ነው። ይህ ልቤን አይሞላውም። እህል የሚበቅልበትን መሬት ለሞተር ማዋል ትክክል አይመስለኝም። እበትና ተረፈ ምርት የሚጠቀም ጣቢያ ስጠግን ግን ድካሙ አይታወቀኝም።

ለደመወዝ ብሎ መግባትም ነውር የለበትም። ቤተሰብ የምንረዳ ሰዎች ነን። ግን በገንዘቡ ብቻ አትተማመኚ። ጣቢያዎቹ ላመረቱት መብራት በሕግ የሚከፈላቸው ለ20 ዓመት ነው፤ ቀድመው የተሠሩት ጊዜያቸው እያለቀ ነው። ሶላሩም ቢሆን ተናግቷል። በአንድ ወቅት በሶላር ሴል ምርት ከዓለም አንደኛ የነበረው የጀርመን ኩባንያ ኩ-ሴልስ በ2012 ለኪሳራ አመልክቷል። ስለዚህ መሠረታዊ ሙያ ያዢ። የኤሌክትሪክ ሙያ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ከሶላርም፣ ከባዮጋዝም፣ ከፋብሪካም ያስገባሻል።

ሀገር ቤትም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ነበር። ዋናው ችግር ምን መሰለሽ? ምጣድ። የጋዙ ምድጃ ለወጥና ለቡና ይበቃል። እንጀራ ግን ሰፊ ምጣድ ላይ እኩል የሚዳረስ እሳት ይፈልጋል። ስለዚህ ጋዝ ያለው ቤትም እንጀራ ለመጋገር ተመልሶ ወደ ኩበቱ ይሄዳል። በዚያ ላይ እበቱ በእኩል ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ ውሃ ከሩቅ ለምትቀዳ ሴት ይህ ሌላ ሸክም ነው። እኔ ከዚህ ሙያ የማልወጣው ይህ ነገር ስላልተፈታ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜና እሁድ ለምጣድ የሚሆን ማቃጠያ እየሞከርን ነው። እሳቱ መሃሉ ላይ ይበረታል፣ ዳሩ ላይ ይደክማል፤ ገና ብዙ ይቀረናል።

ሌላ መልስ፦
ከዴንቨር፣ አሜሪካ ነው። ወንድሜ መሠረታዊ ሙያ ያዢ ያለሽን ስሚው። እዚህ በቤት ጣሪያ ላይ ለሚገጠም ሶላር ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የፌዴራል ግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። እኔ የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ ስላለኝ ሥራዬን አላጣሁም። ወደ ሶላር የገባሁት ሀገር ቤት በሻማ ስላጠናሁ ነው፤ ዛሬም የአንድ ቤት መብራት ስለኩስ ደስ ይለኛል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የእኔ እናት ከሰል ቸርቻሪ ነበረች። ይህን መጻፍ አፍሬ ነበር።

መልስ፦
እሱን ነው መጻፍ ያለብሽ፣ እህቴ። የአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ በክረምት ስንት እንደሚገባም ጨምሪበት። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ አጭር ፕራክቲኩም (የሥራ ልምምድ) ጠይቂ፤ ሽታውንም ሥራውንም በራስሽ ታይዋለሽ።