በደቅ ደሴት ወርኃዊ መጽሔት ለማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ ከደቅ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊ በሆነችው በደቅ የምኖር መምህር ነኝ። ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር የማንም ድርጅት ያልሆነች አነስተኛ ወርኃዊ መጽሔት ጀምረን እስካሁን ሁለት እትም አውጥተናል፤ ስለ ዓሣ ማስገር፣ ስለ እምቦጭ አረም፣ እቴጌ ምንትዋብ ስላሠሯት ናርጋ ሥላሴ ከአዛውንቶች የሰማነውን እንጽፋለን። የምናሳትመው ባሕር ዳር ሲሆን ብዛቱ 300 ቅጂ ነው። ያዘጋጀነው 18 ገጽ ነበር፤ ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ ሁለት ባዶ ገጽ ጨምሮበት ዋጋውም ካሰብነው በላይ ሆነ። ሁለተኛው እትም በጀልባ ሲመጣ ደግሞ ከታች የነበረው እሽግ ውኃ ገብቶበት ሠላሳ ያህል ቅጂ ገጹ ተጣብቆ፣ የስፌት ሽቦው ዝጎ ደረሰን። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የጥቅምቱ እትም በኅዳር መነበቡ ነው። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩን።

መልስ ከሕትመት ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

መምህር፣ በመካከሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ ስለዚህ 16 ወይም 20 ያድርጉት። በኦፍሴት ሲታተም ዋጋውን የሚያከብደው ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ፕሌቱም፣ ማለትም የሚታተመው ጽሑፍና ሥዕል የሚቀረጽበት ቀጭን ብረት ነው፤ ለአንድ የወረቀት ፊት ባለ ሙሉ ቀለም ሥራ አራት ፕሌት ሲፈልግ በጥቁር ብቻ የሚታተመው አንድ ይበቃዋል፣ የፕሌቱም ወጪ 50 ቅጂ ቢታተም 500 ያው ነው። ሽፋኑን በቀለም፣ ውስጡን በጥቁር ቢያደርጉ ልዩነቱን በደረሰኙ ላይ ያዩታል። ጽሑፉን ፊደሉ በውስጡ በተካተተ ፒዲኤፍ ይላኩ፤ በቆየው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት «ደቅ» የሚለው ቃል እንኳ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ናሙናውን በወረቀት አይተው ሳይፈርሙ ሕትመት እንዲጀመር ፈጽሞ አይፍቀዱ።

መልስ ከባሕር ዳር ነጋዴ

ወንድሜ፣ እኔ ወደ ደሴቶቹ ስኳርና ደብተር እልካለሁ። እሽጉን በሃምሳ በሃምሳ ከፍለህ እያንዳንዱን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልልና አፉን በፕላስተር አሽገው፤ በጀልባው ወለል ላይ ሁልጊዜ ውኃ ስለሚጠራቀም ከሥሩ ጣውላ ይነጠፍለት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሣልና በማለዳው ጀልባ ይጫን።

መልስ ከቀድሞ መጽሔት አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ

ቀኑን በተመለከተ፣ እናንተ ዘንድ ያለውን ሌላ ቦታ አታገኙትም። ወር በገባ በ7 ሥላሴ ነው፤ ምእመኑ ወደ ናርጋ ይመጣልና መጽሔታችሁ በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በደጁ ትሸጥ። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ በ5 ጀልባ ላይ፣ ካለፈው ወር 28 ጀምሮ ማተሚያ ቤት፣ በ20 የጽሑፍ መቀበያ መዝጊያ። በ20 ያልደረሰ ጽሑፍ የባልደረባችሁም ቢሆን ለሚቀጥለው ወር ይደር፤ እኔ ለአንድ ወዳጄ ጽሑፍ ስል አራት ቀን ጠብቄ የበዓል ገበያ አምልጦኛል። ጳጉሜን ሰባተኛ ቀን ስለሌላት እትም አይኖራትም፤ ከነሐሴ 7 እስከ መስከረም 7 ያሉት 35 ቀናት፣ በስድስት ቀን ጳጉሜን ደግሞ 36፣ ለአዲሱ ዓመት እትም መዘጋጃ ይሁኗችሁ።

አንድ ያላነሣችሁት ጉዳይ አለ። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት በየጊዜው የሚወጣ ሕትመት መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ካልተመዘገባችሁ ከሚቀጥለው እትም በፊት የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን አነጋግሩ። ምዝገባ ማለት ግን ጽሑፋችሁን አስቀድሞ ለማንም ማሳየት ማለት አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል።

የጠያቂው ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሥላሴን ቀን በየወሩ እያከበርን አለማሰባችን አስገርሞኛል። ምዝገባውን ለመጠየቅ በዚህ ሳምንት ባሕር ዳር እሻገራለሁ፤ የታኅሣሡን እትም 16 ገጽ አድርገን የውስጡን በጥቁር እናሳትማለን። ለእሽጉ የሚሆነውን ላስቲክ በምን ያህል ውፍረት ልግዛ?

መልስ ከባሕር ዳር ነጋዴ

የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ይበቃሃል፤ ስትመጣ ከሱቄ ጎራ በልና ውሰድ።