ውሻዬን «ሙት» ሲባል በጎኑ እንዲጋደም እንዴት ላለማምደው?

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ውሻዬ «ቁጭ በል» እና «ተኛ» የሚሉትን ትእዛዞች በሚገባ ይፈጽማል፤ ሆኖም «ሙት» ስለው በሆዱ እንደተኛ እጄን ብቻ ይመለከታል። በእጄ ገፍቼ ላጋድመው ይገባልን?

መልስ፦ አይግፉት፤ ውሻ ሲገፋ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱን አደንድኖ ይቋቋማል። ይልቁንም በሆዱ ከተኛ በኋላ ቁራጭ ሥጋ አፍንጫው አጠገብ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ትከሻው ይውሰዱት፤ ሥጋውን ለመከተል አንገቱን ሲያዞር ክብደቱ ወደ አንድ ዳሌው ያጋድልና በጎኑ ይተኛል። ጭንቅላቱ መሬት እንደነካ ወዲያውኑ ይስጡት፤ ከዘገዩና እስኪነሣ ከጠበቁ ግን የሚሸልሙት መነሣቱን ነው። «ሙት» የሚለውን ቃል የሚጨምሩት እንቅስቃሴውን ያለ ማመንታት ማድረግ ሲጀምር ነው።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። ልምምዱ ከባዶ ሲሚንቶ ይልቅ ምንጣፍ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ አጭርም ይሁን፣ ምክንያቱም የሰለቸ ውሻ ለሥጋም አይታዘዝም። ሲጋደም የሚያቃስት ወይም አንዱን ጎን ፈጽሞ የሚሸሽ ከሆነ ግን የዳሌ ወይም የትከሻ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ልምምዱን አቁመው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ጅራቱ ቢወዛወዝ ደግሞ ይለፉት፤ የእኔዋ «ሞታ» እንኳ በጅራቷ ወለሉን ትጠርጋለች።