በእኔ ዕድሜ እነርሱ ምን ሠርተው ነበር?

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ዕድሜዬ 32 ዓመት ሲሆን የምተዳደረው በሂሳብ ሠራተኛነት ነው። የታሪክ መጻሕፍትን ማንበብ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ቢሆንም፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የአንድን ታላቅ ሰው ታሪክ በጀመርኩ ቁጥር አስቀድሜ የማሰላው ያ ሰው በእኔ ዕድሜ ምን ሠርቶ እንደነበር ሆኗል። ታላቁ እስክንድር በ20 ዓመቱ ነግሦ፣ ከመቄዶንያ እስከ ሕንድ ዘምቶ፣ በ32 ዓመቱ ባቢሎን ላይ ሞተ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ አንጻራዊነት የጻፈውን ያሳተመው በ26 ዓመቱ፣ ያውም በፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቢሮ ተቀጥሮ እየሠራ ነው (እኔም ተቀጣሪ ነኝና ከሁሉ የሚያመኝ ይኸኛው ነው)።

አንድ ወዳጄ የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን ስለ ዝግመተ ለውጥ የጻፈውን ዋናውን መጽሐፉን ያሳተመው በ50 ዓመቱ እንደሆነ ነግሮ ሊያጽናናኝ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሰው በ22 ዓመቱ ዓለምን ለመዞር መርከብ እንደተሳፈረ ስለማውቅ መጽናናቴ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ዩልዮስ ቄሳርም ስፔን ሳለ የእስክንድርን ሐውልት አይቶ በዚያ ዕድሜው ምንም አለመሥራቱ እንዳስቆጨው ይተረካል። እርሱ ከቁጭቱ በኋላ ሮምን ገዛ፤ እኔ መጽሐፉን ዘግቼ እተኛለሁ።

ንባቡን መተው አልፈልግም። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ይህን የዕድሜ ስሌት በምን መንገድ እንዳቆማችሁት ወይም ወደ ሥራ እንደለወጣችሁት እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።