የመብላት ቻሌንጅ ይከልከል፣ ይገደብ ወይስ ይተው?

አወያይ፦
የዛሬውን ጥያቄ ያነሳው ከአባሎቻችን አንዱ ነው። ሰው በፈቃዱ ከአቅሙ በላይ ለመብላት ቢወዳደር ማን ያገባዋል?

ለመነሻ ያህል ሁለት ነገር ልበል። ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ በየዓመቱ ጁላይ 4 ሆት ዶግ (ዳቦ ውስጥ የገባ ቋሊማ) የመብላት ውድድር አለ። በ2021 ጆይ ቼስትነት በ10 ደቂቃ 76 በልቶ የውድድሩን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ቻይና የምግብ ብክነትን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከመጠን በላይ የሚበላበትን ቪዲዮ የሚያሰራጭ እስከ 100 ሺህ ዩዋን ይቀጣል። አንዱ አገር በቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፈዋል፣ ሌላው ይቀጣበታል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የለም።

ሆድ ይፍጀው፦
ይተው ባይ ነኝ። ምክንያቴን በራሴ ታሪክ ልንገራችሁ።

አራት ጓደኛሞች ነን። ባለፈው ዓመት አንድ ምግብ ቤት ያዘጋጀውን ቻሌንጅ ለመሞከር ሄድን። የተደራረበ በርገር ከነድንች ጥብሱ ነው። በ30 ደቂቃ የጨረሰ አይከፍልም። የምበላው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አልረሳቸውም። ጓደኞቼ ቆመው ይጮሃሉ። የማናውቃቸው ሰዎች እንኳ ከየጠረጴዛቸው ተነስተው ከበቡን። በኳስም በሩጫም ቀንቶኝ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ስሜን ይጠራ ነበር።

ከዚያ መከራው መጣ። ሆዴ ይሞላል ብዬ ስፈራ ቀድሞ እጅ የሰጠው ምላሴ ነው። አንድ ጣዕም ሲደጋገምበት ይሰለቻል። ሥጋው ያው ሥጋ ነው፣ ግን እርጥብ ካርቶን የማኝክ መሰለኝ። የለመዱት ሰዎች በመሃል ኮምጠጥ ያለ ነገር ቀመስ እያደረጉ ነው የሚቀጥሉት። እኔ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። 20ኛው ደቂቃ ላይ ስቡ ቀዝቅዞ ረጋ። ላብ አጠመቀኝ። መንጋጋዬ ዛለ። ሦስት ጉርሻ ሲቀረኝ ሰዓቱ አለቀ። ሌሊቱን ቁንጣን ይዞኝ ቁጭ ብዬ አደርኩ።

ግን አንድ ነገር እወቁልኝ። ከአራታችን አንዱ ያኔ ከባድ ሐዘን ላይ ነበር። ለወራት ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን የሚከለክል ሕግ አልፈልግም።

የሌሊት ተረኛ፦
ወንድሜ፣ ሳቁን ማንም አይንሳችሁ። እኔ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሰው የሚፈራው ጨጓራ ይፈነዳል ብሎ ነው። እሱ በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። እኔን የሚያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው። በደንብ ያልታኘከ ዳቦና ሥጋ የአየር ቧንቧን ይዘጋል። ሙሉ በሙሉ ከዘጋው ሰውየው መጮህም መሳልም አይችልም። ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሰው እየሳቀ፣ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ሳያውቅ ጊዜው ይሄዳል።

ልምምዱም አለ። ጨጓራን ለመለጠጥ ብለው ብዙ ሊትር ውሃ ባንዴ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ውሃ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በጃንዋሪ 2007 ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውሃ ጠጥቶ ሽንት የመያዝ ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ የጌም ማጫወቻ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ቤቷ እንደገባች ሞተች። ውሃው ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ አንጎል ያብጣል። በኋላ ፍርድ ቤት ለቤተሰቧ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረደ።

እኔ ይገደብ ባይ ነኝ። ብቻውን ቤቱ የሚለማመድ ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ያቁም።

ቁጥር ወዳድ፦
እኔ ደግሞ ሁሉም ሰው እንደ ሆዳምነት ሲያየው ያናድደኛል። ጥበብ አለው! ጃፓናዊው ተወዳዳሪ ታኬሩ ኮባያሺ በ2001 ኮኒ አይላንድ ሲመጣ የነበረው ክብረ ወሰን 25 ገደማ ነው። ቀጭን ወጣት ነበር። በ12 ደቂቃ 50 በላ። በአንድ ቀን እጥፍ አደረገው! በሩጫ ወይም በዋና ክብረ ወሰን እጥፍ ያደረገ ሰው ካለ ንገሩኝ። ቋሊማውን ከዳቦው ለይቶ ለሁለት ይሰብረዋል። ዳቦውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ይውጠዋል። ሌላው ሰው «እንዴት ብዙ ልብላ» ሲል፣ እሱ «እንዴት ይቅለል» ብሎ ነው ያሰበው።

ሕግም አለው። ከ18 ዓመት በታች ያለ አይወዳደርም። የሕክምና ባለሙያ መድረኩ ሥር ይቆማል። ያስመለሰ ይሰረዛል። ቦክስ አንጎል እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን፣ ቁጭ ብለንም እናያለን። ይህ በምን ተለየ?

ነውር ነው፦
ይከልከል። ባዶ ሆዱን የሚያድር ሰው ባለበት ዓለም ምግብ መጫወቻ አይሆንም። ሌላ የምለው የለኝም።

ሆድ ይፍጀው፦
ነውርነቱን የሚያይ ሰው ስሜት ይገባኛል። ግን ነውር ሁሉ በፖሊስ አይከለከልም። የእኔ ሦስት ጉርሻ ባይተርፍ የተራበ ሰው አይጠግብም ነበር።

የሌሊት ተረኛ፦
ቁጥር ወዳድ፣ የጠቀስከውን ሰው እኔም አደንቀዋለሁ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተናገር። በ2024 በወጣ አንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ረሃብ እንደማይሰማው ራሱ ተናገረ። ከውድድር እንደሚወጣም ገለጸ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ግን ተመልሶ ከቼስትነት ጋር ተፋለመ። እሱ 66፣ ቼስትነት 83። ረሃብ የማይሰማው ሰው 66 ሆት ዶግ በላ። ይህን ሳስብ አዝናለሁ።

የሰውነት አሠራሩም ይታወቃል። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2007 ባወጡት ጥናት አንድ ተወዳዳሪና አንድ ተራ ሰው ሆት ዶግ ሲበሉ ጨጓራቸውን በራጅ አዩ። የተራው ሰው ጨጓራ እየተኮማተረ ምግቡን ይፈጫል። ሰውየው ሰባት በልቶ በቃኝ አለ። የተወዳዳሪው ጨጓራ ግን መኮማተሩን ትቶ እንደ ከረጢት ዝም ብሎ ተለጠጠ። የላይኛውን ሆዱን ሞላው። እሱ አሁንም አልጠገብኩም ይላል። የሐኪሞቹ ስጋት ይህ ነው፦ ከዓመታት በኋላ ጨጓራው መኮማተር ቢያቅተውስ? ምግብ ማሳለፍ ቢያቆምስ?

ቦክስ ያልከው ልክ ነው። ቦክሰኛው ግን ሲመታ ያመዋል። ይህኛው «በቃ» የሚለውን ድምፅ ራሱን ነው የሚያጠፋው። ሲርበን እናማርራለን፣ ምግብ የሚጣፍጠን ግን በረሃብ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ስለ መድረኩ ብዙም አልጨነቅም። እዚያ ሐኪም አለ ብላችኋል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ በሩን ዘግቶ ስልኩን ግድግዳ ላይ የሚያቆም ልጅ ነው።

ትልቁ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ክፍል ጓደኞቹ የሚያቃጥል ሶስ በማንኪያ የመዋጥ ቻሌንጅ ጀመሩ። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ዓይኑ አይከፈትም፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ደንግጬ ውሃ ሰጠሁት፣ ባሰበት። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ እንደማይሟሟ ያኔ አላወቅኩም። ወተት ነበር መስጠት የነበረብኝ። ደህና ሆነ፣ ተመስገን። ሲረጋጋ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቪዲዮው ተቀድቷል?» ብሎ ነው።

በ2023 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አንዲት እጅግ የምታቃጥል ቺፕስ በልቶ ሞተ። ለቻሌንጅ ተብላ በተናጠል የምትሸጥ ነበረች። አምራቹ ከገበያ ሰበሰባት። የአስከሬን ምርመራው ከፍተኛ ካፕሳይሲን ከበላ በኋላ ልቡ መቆሙን፣ ከዚያ በፊትም የልብ ችግር እንደነበረበት አሳየ። «እንግዲያው ችግሩ የልቡ ነው» የሚሉ ሰዎች አነበብኩ። ከእናንተ ውስጥ የልጁን ልብ ያስመረመረ ወላጅ ማነው?

ቁጥር ወዳድ፦
እትዬ፣ በዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ሐላፔኞ የሚባለው ቃሪያ የማቃጠል መጠን በሚለካበት በስኮቪል ልኬት ከ8 ሺህ አይዘልም። በ2023 የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ፔፐር ኤክስ የሚባል ቃሪያ በአማካይ 2.69 ሚሊዮን ነው። ይህን ለልጅ መሸጥ አይገባም። እኔ የምከራከረው ለአዋቂዎቹ ነው።

ብቻዬን እበላለሁ፦
ሁላችሁም ስለሚበላው ነው የምታወሩት። ስለሚያየው ትንሽ ልበል።

ብቻዬን ነው የምኖረው። ራት ስበላ ሙክባንግ የሚባለውን፣ ሰው ሲበላ የሚያሳይ ቪዲዮ እከፍት ነበር። ቃሉ የኮሪያ ነው፣ መብላትና ስርጭት የሚሉትን ሁለት ቃላት ያጣመረ። እከተላት የነበረች ልጅ መጀመሪያ ላይ አንድ ሳህን ይዛ እየበላች ስለ ውሎዋ ታወራ ነበር። ሰው አብሮኝ የተቀመጠ ያህል ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ሳህኑ ሁለት ሆነ። አራት ሆነ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ራሱ አይታይም። ወሬውም ቀረ። እኔም ሳላስበው ከእሷ እኩል ስጎርስ ራሴን አገኘሁት። ሳልራብ።

አንድ ቀን ቪዲዮው መሃል ዓይኗን ጨፍና ለደቂቃ ያህል ዝም አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ቀጠለች። ሥሩ የተጻፈው አስተያየት ሁሉ «ጨርሺው!» ይላል። ከእነዚያ ላይኮች አንዱ የእኔ ነው። ዘጋሁት። ሕግ ቢወጣ እኔ የምፈልገው በላተኛዋን የሚቀጣ አይደለም። ሳህኑ በጨመረ ቁጥር ገንዘብ የሚጨምርላትን ነገር ይንካ።

ሆድ ይፍጀው፦
እውነት ለመናገር ስጀምር እንዲህ ዓይነት ነገር ላነብ አልጠበቅኩም። የጓደኛሞች ጠረጴዛ ይተው የሚለው አቋሜ አልተለወጠም። በዕድሜ ግን ይገደብ፣ እስማማለሁ። እትዬ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ መከራከር አልችልም።

የሌሊት ተረኛ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከፊታችን ያለ ሰው ትን ቢለው ምን እናድርግ?

የሌሊት ተረኛ፦
መሳል ከቻለ አትምቱት፣ እንዲስል አበረታቱት። መሳልም መናገርም ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሱትና በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ በኃይል ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቁሙ። ቡጢያችሁን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እስኪወጣ ሁለቱን አፈራርቁ። ከእናንተ አንዱ ወዲያው አምቡላንስ ይጥራ። ራሱን ከሳተ መሬት ላይ አስተኝታችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ። ይህ ለአዋቂ ነው፣ ለሕፃን ይለያል። ውሃ አትስጡት። ጣታችሁንም በጭፍን አፉ ውስጥ አትክተቱ።

ሆድ ይፍጀው፦
ለሦስቱም ጓደኞቼ ላክሁላቸው። አንዱ ወዲያው መለሰልኝ። «ያን ቀን አንተ ላይ ቢደርስ ኖሮ ማናችንም አናውቅም ነበር» ይላል።